ፓርማና ይርጋ ጨፌ

የኢጣልያው መኮንን ቪቶሪዮ ቦቴጎ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳር ተነሥቶ ወደ መካከለኛው አገር በሚዘልቅበት ወራት ወገኖቹ በአድዋ ድል ተመትተው ነበር፤ እርሱ ግን ጉዞውን ሳያቋርጥ በ1888 ዓ.ም. በግንቦት ወር ገደማ ከአባያ ሐይቅ ደረሰና፣ ሰብአ ሀገሩ ከጥንት ጀምሮ የራሱን ስም ያወጣለትን ይህን ታላቅ ውኃ በንጉሥ ኡምቤርቶ ባለቤት ስም «ማርጌሪታ» ብሎ በካርታው ላይ ጻፈው። ከዚያም ወደ ኦሞ አምርቶ የወንዙ ፍጻሜ ዛሬ ቱርካና የሚባለው ሐይቅ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፣ በ1889 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በወለጋ በኩል ሲያልፍ በውጊያ ሞተ፤ ሁለቱ ጓደኞቹም ተማርከው ወደ አፄ ምኒልክ ተላኩ። ይህ ሰው የተወለደው በሰሜን ኢጣልያ በፓርማ ነበር። የትውልድ ከተማው ሐውልት አቁማለታለች፤ ከአፍሪካ የሰበሰባቸው የአራዊትና የአዕዋፍ ናሙናዎችም በዚያው በዩኒቨርሲቲው ቤተ መዘክር ይታያሉ።

እንግዲህ ከአባያ በላይ በምሥራቅ በኩል የተደረደሩትን የጌዴኦን ኮረብቶች ከፓርማ ጋር መጀመሪያ ያገናኛቸው የአንድ ወታደር ካርታ ነው። ካርታው ያላሳየው ግን ከዚህ ይበልጣል። ሁለቱም አገሮች በአንድ ረጅም መንገድ ላይ የተሰደሩ ከተሞች አሏቸው፤ ሁለቱም ከቆላ እስከ ተራራ ራስ የሚወጣ ጠባብና ረጅም ምድር ናቸው፤ ሁለቱንም ብዙ ጌቶች ተፈራርቀውባቸዋል፤ የሁለቱም ስም በዓለም የተሰማው በገዥዎቻቸው ዝና ሳይሆን ከማሳና ከበረት በወጣ ምርት ነው። በአምስቱ ዓመት የጠላት ዘመን ጌዴኦን «የኢጣልያ ግዛት» ያሰኘው ሥርዓት ምን እንደ ነበረና ለምን ሥር እንዳልሰደደ ለመረዳት፣ አስቀድሞ እውነተኛውን የኢጣልያ ግዛት መመልከት ይገባል።

ፓርማ በሰሜን ከፖ ወንዝ ሜዳ ተነሥታ በደቡብ እስከ አፔኒን ተራሮች ትዘልቃለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ187 ዓመት የሮማው ቆንስል ኤሚልዮስ ሌጲዶስ ከሪሚኒ እስከ ፒያቼንሳ አንድ ቀጥ ያለ መንገድ አስጠረገ፤ ከአራት ዓመት በኋላም በዚሁ መንገድ ላይ የፓርማ ሰፈር ተመሠረተ። በመካከለኛው ዘመን ካቴድራሏና ከዕብነ በረድ የታነጸው ቤተ ጥምቀቷ ተሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1545 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ አገሪቱን ከፒያቼንሳ ጋር መስፍናዊ ግዛት አድርገው ለልጃቸው ለፒየር ሉዊጂ ፋርኔዜ ሰጡ፤ ከፋርኔዜዎች ወደ ቡርቦኖች አለፈች፤ ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላም ሚስቱ ማሪያ ሉዊዛ እስከ 1847 ድረስ ገዛቻት። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1860፣ ቦቴጎ በተወለደበት ዓመት፣ መስፍናዊው ግዛት ጠፍቶ ፓርማ ከፒየሞንቴ ንጉሥ ግዛት ጋር ተቀላቀለች፤ በማግሥቱ ዓመት የተባበረችው ኢጣልያ 59 ክፍላተ ሀገር ያሏት መንግሥት ሆና ስትቆም፣ ፓርማ ከእነዚህ አንዷ ነበረች። በየክፍለ ሀገሩ ከማዕከል የሚሾም «ፕሬፌቶ» ተቀመጠ፤ እርሱም አንዱን አገር ከሌላው ሳይለይ በአንድ ደንብ የሚያዝ የመንግሥት ዓይንና እጅ ነበር።

ይሁን እንጂ ፓርማን ፓርማ ያደረጋት መስፍኑም ፕሬፌቶውም አልነበረም። በሜዳው ላይ የሚሰማራው የላም መንጋ ከወተቱ የሚሠራውን ትልቁን ፎርማጆ አስገኘ፤ ይህም ፎርማጆ ቢያንስ አሥራ ሁለት ወር በመደርደሪያ ላይ ካልሰነበተ ለገበያ አይወጣም። ከሜዳው በላይ ባሉት የላንጊራኖ ኮረብቶች ደግሞ የተራራው ነፋስ በጨው የተያዘውን የአሳማ ጭን ቀስ በቀስ ያደርቀዋል። ቦካቾ በ14ኛው ምዕተ ዓመት በጻፈው የተረት መጽሐፍ የፓርማን ፎርማጆ በስሙ ማንሣቱ፣ ፋርኔዜዎች ገና ሳይነግሡ ምርቱ የአገሩን ስም ይዞ ይዞር እንደ ነበር ምስክር ነው።

ወደ ጌዴኦ ስንመለስ የምናገኘው ምድር ጠባብ ቢሆንም ሀብቱ የተጠቀጠቀ ነው። የስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ግድግዳ በሆነው በዚህ ከፍታ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ዲላ በ1,570 ሜትር ገደማ ትቀመጣለች፤ መንገዱ በወናጎ አድርጎ ወደ ይርጋ ጨፌ ይወጣል፤ ከይርጋ ጨፌ በስተ ደቡብ ጨለለቅቱ ያለችበት የኮቸሬ አገር፣ ከዚያም አልፎ ጌዴብ ይገኛል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ መሬቱ ከፍ እያለ ሄዶ በቡሌ ደጋ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በዚህ 1,211 ካሬ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ምድር ላይ 847,434 ሰው ተቆጥሯል፤ ይህም ለአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ያህል ማለት ነው። ከዚህም ሕዝብ ከመቶ ሰማንያ ሰባቱ የገጠር ነዋሪ ነበር። በአፍሪካ ገጠር እንዲህ ያለ የሕዝብ ጥግግት የሚገኘው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው፤ እዚህ ያለውም ሕዝብ የሚኖረው ደን መንጥሮ ሳይሆን ደኑን እየተከለ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቀው በኮቸሬ አንድ ጓሮ ውስጥ ገብቶ ቀና ያለ ሰው ነው። በላይ ዋንዛ፣ ብርብራና ኮርች ቅርንጫፋቸውን ዘርግተው ፀሐዩን ያበርዱታል፤ በመካከል የእንሰት ሰፋፊ ቅጠል ተደራርቦ ይቆማል፤ ከእርሱ ሥር ቡናው፣ ከቡናውም ሥር ጎመኑና ሌላው አትክልት ይበቅላል። የዛፎቹ ቅጠል ረግፎ መሬቱን ያለብሳል፤ ዝናቡ ቁልቁለቱን እንዳይሸረሽር ያግደዋል፤ በስብሶም ማዳበሪያ ይሆናል። እንሰቱ ሲደርስ ሴቶች ግንዱን ይፍቁታል፤ ሥሩንም ይቀጠቅጡታል፤ የተፋቀውን በጉድጓድ አብላልተው ቆጮ ያደርጉታል፤ ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጩ ቡላ ለእንግዳና ለአራስ ይቀመጣል፤ ቃጫውም ለገመድ ይሆናል። ቡና ዋጋው ሲወድቅ ወይም ፍሬው ሲያንስ ቤተ ሰቡን ከረኃብ የሚያወጣው እንሰቱ ነው፤ ቡናው ደግሞ ግብሩንና ልብሱን ይከፍላል። ጌዴኦ ገዥ ሲለዋወጥበት ያልተፈታው በዚህ ድርብ መሠረት ላይ ቆሞ ስለ ነበር ነው።

የዚህ አገር ጥንታዊነት በድንጋይ ተመስክሯል። በቱቱ ፈላ፣ በጨልባ ቱቱቲና በሳካሮ ሶዶ ተተክለው የቆሙትን የጥንት ትክል ድንጋዮች አባ አዛይስ የተባሉ ፈረንሳዊ ካህንና ባልደረባቸው ሻምባር በ1910ዎቹ ዓ.ም. ዞረው መዘገቧቸው፤ በኋላም ሮዤ ዡሶም ቱቱ ፈላን በቁፋሮ አጠና። በቅርቡ በሳካሮ ሶዶ የተደረገው ምርምር ደግሞ የድንጋዮቹን ዕድሜ ወደ መጀመሪያው ምዕተ ዓመት ድኅረ ልደተ ክርስቶስ አድርሶታል። የጌዴኦ ሕዝብ ራሱን ያስተዳድር የነበረው «ባሌ» በሚባለው የዕድሜ ተዋረድ ነው፤ ሥልጣኑ በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ አባ ገዳው በላይ ሆኖ፣ የየመንደሩ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተሰብስበው ይፈርዳሉ፣ ያስታርቃሉ፣ ዛፍ ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጥ ያዛሉ። ፓርማ መስፍን በነበራት ዘመን በጌዴኦ የነበረው ሥልጣን በውርስ የማይያዝ፣ ቀኑ ሲደርስ የሚለቀቅ ነበር።

በ1880ዎቹ ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ ጦር ሲዳሞን ሲይዝ ደራሳ እየተባለ በመንግሥት መዝገብ የገባው ይህ አገር ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ግዛት ተጠቃለለ። ከገዥዎቹ መካከል ስማቸው ጎልቶ የቀረው በአድዋ ጦርነት በመድፈኛነታቸው የታወቁት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ናቸው። ወታደሩ እንደ ማዕርጉ ገባር ተቆጠረለት፤ ገባሩም እህል፣ ማር፣ እንጨትና ጉልበት ለነፍጠኛው ቤት ያቀርብ ነበር። የቡና ዋጋ እያደገ ሲሄድ ግን ለጌታውም ለገባሩም ነገሩ ተለወጠ፤ ቀድሞ ማርና ከብት ይፈለግበት የነበረው ምድር ለቡናው ሲባል በቃላድ ይለካ ጀመር፤ የአረብ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎችም እየተከታተሉ መጡ። ደጃዝማች ባልቻ በ1920 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ጦር አስከትለው ወደ አዲስ አበባ በወጡ ጊዜ፣ እርሳቸው በግብር አዳራሽ ሳሉ ጦራቸው እንዲበተን ተደርጎ ከሹመታቸው ወረዱ፤ ከዚያ በኋላ የሲዳሞ ቡና ወደ ማዕከላዊው መንግሥት እጅ ይበልጥ ቀረበ። በኋላም ራስ ደስታ ዳምጠው መቀመጫቸውን ይርጋለም አድርገው አገሩን ያስተዳድሩ ነበር።

ጠላት በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ራስ ደስታ በገናሌ ዶሪያ ከግራዚያኒ ጋር ተዋግተው ድል ቢሆኑም፣ ወደ ሲዳሞ ደጋ አፈግፍገው አዲስ አበባ ከወደቀች በኋላ እንኳ ብዙ ወራት ተከላከሉ። ይርጋለም የተያዘችው በኅዳር 1929 ዓ.ም. ነው፤ ራስ ደስታም እየተዋጉ ወደ ሰሜን ሄደው በየካቲት 1929 ዓ.ም. በቡታጅራ አካባቢ ተማርከው ተገደሉ። ከዚያ በፊት ገና በግንቦት 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በሮማ የወጣው ሕግ አገሩን በወረቀት ከፋፍሎት ነበር፤ ከሱዳን ወሰን እስከ ኬንያ ጠረፍ ያለውን፣ ማለት ወለጋን፣ ኢሉባቦርን፣ ከፋን፣ ጋሞ ጎፋን፣ ሲዳሞንና ቦረናን፣ በአንድ ጠቅላይ ግዛት አስሮ መቀመጫውን ጅማ አደረገ። ስሙ የኦሮሞን ሕዝብ ዛሬ ጨዋ ሰው በማይጠራበት አጠራር ከሲዳማ ስም ጋር ያጣመረ ስለ ነበር መድገም አያስፈልግም። ጄኔራል ጄሎዞ የመጀመሪያው አገረ ገዥ፣ ጄኔራል ጋዜራ የመጨረሻው ሆኑ፤ ከእነርሱ በታች ኮሚሳሮች፣ ከኮሚሳሮቹም በታች «ሬዚደንቴ» የሚባሉ ሹማምንት ተመደቡ። በቶሪኖና በፓርማ የተለመደው የፕሬፌቶ ሥርዓት በወታደር ልብስ ወደ ኦሞና ወደ ገናሌ መጣ ማለት ነው።

የዚህ ጠቅላይ ግዛት ጉድለት መጀመሪያ የሚታየው በመልክዐ ምድሩ ነው። ከጅማ ተነሥቶ ወደ ዲላ ለመሄድ የኦሞን ገደል መውረድና መውጣት፣ ከዚያም የስምጥ ሸለቆውን አቋርጦ የጌዴኦን ግድግዳ መውጣት ያስፈልጋል፤ ዲላ ግን በገበያዋም በመንገዷም ፊቷ ወደ ሰሜን፣ ወደ ይርጋለምና ወደ አዲስ አበባ ነበር። ሁለተኛው ጉድለት በሐሳቡ ውስጥ አለ። ጠላት የገዛ አገሩን አሮጌ ክፍላተ ሀገር በኢትዮጵያ ምድር ላይ ሊተክል ፈልጎ በወገራ «የኢትዮጵያ ሮማኛ»፣ በጨርጨር «የኢትዮጵያ ፑሊያ» የሚባሉ የገበሬ ሰፈሮችን ጀመረ፤ ነገር ግን ከሮማኛ የመጣው ገበሬ ሥፍራው ላይ ከመደላደሉ በፊት ጦርነት ደረሰበት። በጌዴኦ ደግሞ ተጠጋግቶ የሚኖረው ሕዝብ ጓሮውን በዛፍ፣ በእንሰትና በቡና ሞልቶ ስለ ተቀመጠ፣ ለመጤ ሰፋሪ ክፍት የሚሆን መሬት አልነበረም።

ነገሩን በሚዛን ለማየት፣ በዚያ ዘመን የሆነው ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም ማለት ይገባል። ጠላት የነፍጠኛውን ኃይል ለመስበር ሲል የገባርን ሥርዓት ሻረ፤ ይህም ለገበሬው ዕረፍት ሆነለት፤ ነገር ግን የሻረው እጅ ራሱ አገር የወረረ እጅ ነበርና ዕረፍቱ ከነፃነት ጋር አልመጣም። በነገራችን ላይ ፋሺስቶች በራሳቸው አገርም ያለ ተቃውሞ አልገቡም፤ እ.ኤ.አ. በ1922 በነሐሴ ወር ኢታሎ ባልቦ ጥቁር ሸሚዞቹን ይዞ ፓርማን ሊይዝ በመጣ ጊዜ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት የድሆች ሰፈር ሰዎች ጊዶ ፒቼሊን አለቃ አድርገው ጎዳናቸውን በጋሪና በድንጋይ ዘግተው መለሱት። የቦቴጎን ሐውልት ያቆመችው ከተማና ጥቁር ሸሚዝን ያባረረችው ከተማ አንድ መሆኗን ያስተዋለ ሰው፣ አገርንና መንግሥትን አንድ አድርጎ አይቆጥርም።

የጅማ ጠቅላይ ግዛት ዕድሜው አምስት ዓመት ብቻ ሆነ። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ የአፍሪካ ክፍለ ጦሮች አንዱ ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ፣ ሌላው ከኬንያ በኩል ወደ ሲዳሞ ሲገፉ፣ በጌዴኦና በሲዳማ ደጋ የነበረው የጠላት ጦር በመካከል ገብቶ በግንቦት ወር ተበተነ፤ ጅማ በሰኔ ወር ተያዘች፤ ጄኔራል ጋዜራም በምዕራብ በደምቢ ዶሎ በኩል ለቤልጅክ ኮንጎ ጦር እጁን ሰጠ። ሲዳሞ እንደ ገና ጠቅላይ ግዛት ሆነ፤ ጌዴኦም ደራሳ አውራጃ ተብሎ ዲላን መቀመጫው አደረገ። ባለርስቱ ተመለሰ፤ የገባርነቱ ስም ቢቀር የጭሰኝነቱ ሸክም በቡናው ላይ ወደቀ። በ1952 ዓ.ም. ባለመሬቶች ከምርቱ በሚወስዱት ድርሻ ምክንያት የተቆጣው ገበሬ ጦርና ገጀራ ይዞ ተነሣ፤ በሚጭሌ በተደረገው ግጭት ብዙ ሰው አለቀ። ለዚያ ጥያቄ መልስ የሰጠው የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው። ከዚያም በኋላ ሲዳሞ የሚባለው ክፍለ ሀገር ቀርቶ ጌዴኦ ዞን ሆነ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ሆነ።

ይህ ሁሉ የግዛት ስም ሲወጣና ሲወርድ ቡናው የራሱን ካርታ ሲሥል ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ የቀላው እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ወደ ማጠቢያው ጣቢያ ይደርሳል፤ የተንሳፈፈው ተለይቶ ይጣላል፤ የቀረው በመፈልፈያው አልፎ በገንዳ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቀን ያህል ይብላላል፤ ከዚያም በውኃ መውረጃው ቦይ እየታሸ ታጥቦ ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራው አልጋ ላይ ይሰጣል። ሴቶች ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው የተሰበረውንና የጠቆረውን በእጃቸው ይለቅማሉ፤ ፀሐይ ሲበረታና ሲመሽ ይሸፍኑታል። ከዚህ የሚወጣው ቡና እንደ አበባና እንደ ሎሚ የሚሸት ስለ ሆነ ቀማሹ ሳይነገረው ያውቀዋል። በ2001 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡና ማገበያየት ሲጀምር የይርጋ ጨፌን ቡና ይርጋ ጨፌ፣ ወናጎ፣ ኮቸሬና ገላና አባያ ብሎ ከፈለው፤ ገላና አባያ በአስተዳደር ከጌዴኦ ውጭ በኦሮሚያ ያለ አገር ሲሆን በቡናው ግን አንድ ቤተ ሰብ ተብሎ ተቆጠረ። ቀማሹ ያሰመረው ወሰን መሬቱንና ከፍታውን ይከተላል እንጂ ማኅተምን አይከተልም። ከክፍላተ ሀገር ካርታ የተሰረዘው የሲዳሞ ስምም በቡና ጆንያ ላይ ዛሬም ታትሞ ወደ ሐምቡርግና ወደ ቶኪዮ ይጓዛል።

ኢትዮጵያ ይርጋ ጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በንግድ ምልክትነት በአሜሪካ ለማስመዝገብ በተነሣች ጊዜ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ክርክር ተፈጥሮ በ1999 ዓ.ም. በስምምነት ተፈጽሟል። በዚህ ነገር ፓርማ ከእኛ ቀድማለች። የፎርማጆው ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ1934 የራሳቸውን ማኅበር አቁመው፣ በኋላም በአውሮፓ ሕግ ስሙ በተወሰነው ምድር ለተሠራው ብቻ እንዲሰጥ አስጸንተዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም፤ የፓርማን ስም የሚጠብቁት ሠሪዎቹ ራሳቸው ሲሆኑ፣ የይርጋ ጨፌን ስም የያዘው መንግሥት ነው። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን ገበሬው ቡናውን ያለ ደላላ ወደ ውጭ እንዲልክ መንገድ ከፍቷል፤ የስሙ ባለቤትነት ግን ገና ወደ ጓሮው አልወረደም።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ፣ ትክል ድንጋዩ፣ ሶንጎው፣ እንሰቱና ቡናው እንደ አንድ ሥራ ተቆጥረው ነው። ይህ ክብር ግዴታም አለው፤ የአንድ ቤተ ሰብ ጓሮ ለልጆች ሲከፋፈል እያነሰ ይሄዳል፤ ያነሰውን ጓሮ ይዞ ገንዘብ የቸገረው ገበሬም ጥላውን ዛፍ ቢሸጥ፣ እንሰቱንም ነቅሎ ቶሎ የሚሸጥ ነገር ቢተክል የሚፈረድበት አይደለም። ፓርማ ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈው ስሟን ያተረፈችው ሠሪው ከስሙ ስለሚጠቀም ነው። ጌዴኦም ከነፍጠኛ፣ ከሬዚደንቴና ከባለመሬት ተርፎ እዚህ ደርሷል፤ ከእንግዲህ መጠበቅ ያለበት በጨለለቅቱ ወይም በወናጎ ቡና የሚለቅመው ሰው፣ ስሙ በዓለም ከሚያስገኘው ዋጋ ዛፉን ሳይቆርጥ ልጆቹን የሚያሳድግበት ድርሻ እንዲደርሰው ነው። ይህ ካልሆነ የቅርሱ መዝገብም እንደ ቦቴጎ ካርታ ባለአገሩ ሳይጠየቅ የተጻፈ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።